የጄኔራሉ ፈረስ ጠባቂ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ቡናዬ ብቻ ነን።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ ለዚያ ነው የጠፋሁት። እኔ ያለሁት እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዘመድ ሲመጣ የምንወስድበት ቦታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሐውልቶቹ ጋ፣ ከዚያ ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት። እማዬ ቤቱን ብዙም አላደነቀችውም። የፈረስ ጋጣው ጋ ስንደርስ ግን ቆም አለችና "እነዚህን ሁሉ ፈረሶች ማን ነበር የሚያበላቸው?" አለችኝ። "ባሮች ናቸው እማዬ" ብያት አለፍን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አንስቼ ፈለግሁ። ጋጣው ውስጥ ከሚሠሩት አንዱ ሃሪ ይባላል። ምዕራብ አፍሪካ ነው የተወለደው፤ ዋሽንግተን በ1763 ገዛው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ደግሞ አሁን የሚታየው ጋጣ እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው፤ ለእማዬ ይህን አልነገርኳትም።)

በ1775 ኅዳር ላይ፣ ቅኝ ግዛቶቹ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲያምፁ፣ የቨርጂኒያው ገዢ ሎርድ ደንሞር አዋጅ አወጣ። የአማፂያን ባሪያ የሆነና መሣሪያ መያዝ የሚችል ወደ ንጉሡ ጦር ከመጣ ነጻ ነው። የአማፂያን ባሪያ ነው ያለው፤ ንጉሡን ያልከዱ ሰዎች ባሮች እዚያው ይቀመጡ። ደንሞር ራሱም ባሮች ነበሩት።

በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሸሽተው መጡለት። ያቋቋመውን ጦር ምን ብሎ እንደጠራው ታውቃላችሁ? "የኢትዮጵያ ሬጅመንት"! እኔ ከአልጋዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ነገሩ ግን ከእኛ ጋር አይገናኝም፤ ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ጥቁር የሆነውን ሁሉ "ኢትዮጵያዊ" ማለት የተለመደ ነበር። ልብሳቸው ላይ "ነጻነት ለባሮች" የሚል ጽሑፍ እንደነበረ የዚያ ዘመን ጋዜጣ ጽፏል። አብዛኞቹን የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ፈንጣጣ ነው።

ሃሪም በ1776 የአማፂያኑን ጦር ከሚመራው ከዋሽንግተን ቤት ጠፍቶ ወደ እንግሊዞቹ ሄደ። ያው የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በተፈረመበት ዓመት መሆኑ ነው።

እና እዚህ ጋ ቃል አጣሁ። እንደ ሃሪ ያለውን ሰው ምን እንበለው? አሜሪካኖቹ "ሎያሊስት" ይሉታል፤ ለንጉሡ ታማኝ ማለት ነው። በእኛ ቤት ያደግሁት በሁለት ቃል ነው፦ አርበኛና ባንዳ። አያቴ ባንዳ የሚለውን ስትጠራ አፏን እንደ መረረው ሰው ታደርግ ነበር። ለእኛ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጣልያን ከውጭ የመጣ ወራሪ ነው። እዚህ ግን አማፂውም ንጉሡም ያው እንግሊዛዊ ነው፣ ትናንት ሁሉም የአንድ ንጉሥ ዜጋ ነበር።

ዊልያም ፍራንክሊንን ውሰዱ፤ ከአማፂያኑ መሪዎች የአንዱ፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ። አባትየው መብረቅን ለመመርመር በክር የተያዘ ካይት ሲያበር አጠገቡ የነበረው እሱ ነው። ንጉሡ የኒው ጀርሲ ገዢ አድርጎ ሾመው፣ ማለ፣ አመፁ ሲመጣ መሐላዬን አላፈርስም አለ። አሰሩት። ሚስቱ በ1777 ኒው ዮርክ ውስጥ ስትሞት እሱ እስር ቤት ነው፤ ልያት ብሎ ለምኖ አልተፈቀደለትም። ከጦርነቱ በኋላ ለአባቱ የእርቅ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየው እስከ ኑዛዜው ድረስ ይቅር አላለውም፤ የሚረባ ነገር አላወረሰውም። ለዊልያም አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ዊልያም ያጣው ሹመት ነው፣ ሃብት ነው፣ አባት ነው። ሃሪ የሚያጣው ምን ነበረው? ሁለቱንም በአንድ ቃል "ታማኝ" ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሃሪ ንጉሡን የወደደው አይመስለኝም፤ በሩን የከፈተለት እሱ ስለሆነ ሄደ።

በ1783 ጦርነቱ አለቀ፣ እንግሊዞቹ ኒው ዮርክን ሊለቁ ነው። ዋሽንግተን ከእንግሊዙ አዛዥ ከጋይ ካርልተን ጋር ተገናኝቶ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ባሮቻችንን መልሱ የሚል ነበር። ካርልተን እምቢ አለ፤ ቃል ገብተንላቸዋል አለ። በምትኩ የሚሳፈሩትን ጥቁሮች ሁሉ ስም መዝግቦ ያዘ፤ ወደ 3,000 ሰው። መዝገቡ ላይ ሃሪ አለ። ዕድሜው 43፣ "ጥሩ ሰው"፣ ቀድሞ የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት የነበረ፣ ጥሎት ከሄደ 7 ዓመቱ። የአባት ስም ተብሎ የተጻፈለት ምን ይመስላችኋል? ዋሽንግተን።

መርከቧ ኖቫ ስኮሺያ አደረሰችው፣ ካናዳ። መሬት ይሰጣችኋል ተብለው ነበር። አብዛኞቹ ጥቁሮች ወይ አላገኙም፣ ወይ ያገኙት ድንጋይ ነው። በ1784 ሼልበርን ከተማ ላይ ከጦር የተሰናበቱ ነጭ ወታደሮች በርካሽ ሠርተው ሥራችንን ወሰዱብን ብለው የጥቁሮቹን ቤት አፈረሱ። ልብ በሉ፣ አፍራሹም ቤቱ የፈረሰበትም ለአንድ ንጉሥ ታማኝ የተባሉ ናቸው።

በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት ከሃሊፋክስ በ15 መርከብ ተነስተው ሴራሊዮን ገቡ። ዋና ከተማዋን ፍሪታውንን የመሠረቱት እነሱ ናቸው። ሃሪም አብሯቸው ነበር። እዚያ ደግሞ የሚያስተዳድራቸው የእንግሊዝ ኩባንያ በመሬታቸው ላይ ግብር ጣለ። እንዲህ አልተባልንም አሉ። በ1800፣ ዋሽንግተን ከሞተ ዓመት ሳይሞላ፣ አመፁ። ሃሪ ከአማፂያኑ ጋር ተያዘና ተፈርዶበት ከቅኝ ግዛቱ ተባረረ። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል እኮ!

እማዬ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። አርበኛ ነው ባንዳ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ፈረሶቹን ያበላ የነበረው እሱ ነው?" አለችኝ።

"ከነሱ አንዱ ነው እማዬ።"

"ስሙን እንደገና በለኝ።"