መጋዝ የሌለበት የመርከብ ግቢ

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። እህቴ ከዴንማርክ ከተመለሰች ወዲህ ከአፏ የማይጠፋው አንድ ሙዚየም ነው። ዛሬ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጠይቅ።

እሷ፦ ሮስኪልዴ ከተማ ያለው የቫይኪንግ፣ ማለትም የጥንት ሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ መርከቦች ሙዚየም ነው። ጎብኚው አዳራሹ ውስጥ ያሉትን አምስት ጥንታዊ መርከቦች ያያል። የእኔን እግር የያዘው ግን ውጭ ያለው፣ መርከብ በጥንቱ ዘዴ የሚሠራበት ግቢ ነው። ገና ስትቀርብ የቅጥራን ሽታ ይቀበልሃል፤ ከዚያ የመጥረቢያ ድምፅ ትሰማለህ። መጋዝ ግን የለም።

እሱ፦ ጣውላው ታዲያ በምን ይወጣል?

እሷ፦ በሽብልቅ። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ግንድ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት ይሰነጥቁታል፤ ልክ ድፎ ዳቦ ከመሃል ወደ ዳር እንደሚቆረሰው። መጋዝ የእንጨቱን ጅማት በጥሶ ያልፋል፣ ሽብልቅ ግን ጅማቱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጣውላው ቢሳሳም ጠንካራ ነው፤ ማዕበል ሲመታው ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ከዚያ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ ያውም እርጥብ ሳለ። የደረቀ ኦክ ለመጥረቢያ እሺ አይልም።

እሱ፦ አምስቱ መርከቦች እንዴት ተገኙ?

እሷ፦ በ11ኛው መቶ ዘመን የሮስኪልዴ ሰዎች ጠላት በባሕር ሰርጡ እንዳይገባባቸው መርከቦቹን ድንጋይ ሞልተው ስኩልዴሌቭ የምትባል መንደር አጠገብ አሰጠሟቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ተመራማሪዎች ዙሪያውን አጥረው፣ ውኃውን አውጥተው ቆፈሯቸው። ከሁሉ የሚረዝመው የጦር መርከብ 30 ሜትር ያህል ነው፤ የተረፈው ግን ሩቡ ብቻ ነበር።

እሱ፦ ከሩብ አካል ሙሉ መርከብ ይሠራል?

እሷ፦ ወንድሜ፣ እኔን ያስደነቀኝ እሱ ነው! የሚስማሩ ቀዳዳ ጣውላው የት ላይ እንደተጋጠመ ይናገራል። እንጨቱ ላይ የቀረው የስለት ጠባሳ የመጥረቢያውን ቅርፅ ያሳያል። የዛፉ ዓመታዊ ቀለበትም መርከቡ በ1042 ገደማ አየርላንድ ውስጥ፣ በደብሊን አካባቢ እንደተሠራ አስረዳ። ከዚያ አናጢዎቹ ከ2000 እስከ 2004 ድረስ አምሳያውን ሠሩ። 300 ያህል የኦክ ዛፍ፣ ከ7,000 በላይ የብረት ሚስማርና 600 ሊትር ቅጥራን ፈጀ። ስሙንም አየርላንድ ባለችው በግሌንዳሎክ ሸለቆ «የግሌንዳሎክ የባሕር ድንጉላ» አሉት።

እሱ፦ ለእይታ ብቻ ማቆሙ አይበቃም ነበር?

እሷ፦ አይበቃም! ባሕር ያልፈተነው መርከብ መልሱ አልታወቀም ማለት ነው። በ2007 ስድሳ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ተሳፍረውበት ወደ ደብሊን ተጓዙ፤ ስድስት ሳምንት ፈጀባቸው። ነፋስ ጠፍቶ የሰሜን ባሕርን በከፊል በሌላ መርከብ ተጎትተው ነው ያለፉት። ይህንንም አልደበቁትም፤ ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ማወቅ የፈለጉት መርከቡ የሚችለውንና የማይችለውን ነበርና።

እሱ፦ በ2021 ዩኔስኮ ይህን የኖርዲክ አገሮች፣ ማለትም የዴንማርክና የሰሜን አውሮፓ ጎረቤቶቿ፣ የጀልባ አሠራር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

እሷ፦ አዎ፣ ጣውላን በጣውላ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየደረቡ የሚሠሩበትን ጥበብ። ግን መዝገብ እጅ አያስተምርም። ግቢው ውስጥ አንዲት ወጣት አናጢ ጣውላ ስትጠርብ ቆሜ አየሁ። ጥቂት ትጠርብና መጥረቢያውን አስቀምጣ አውራ ጣቷን በእንጨቱ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳልፋለች። አጠገቧ ሜትር ነበር፤ አላነሳችውም። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፣ መጥረቢያውን አነሳች፣ ከዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ላጠች።