«አንድም» ብላችሁ ጻፉ

እንደምን ዋላችሁ? ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምት ከቤት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው አይነገርም። ጋቢያችሁን ደርባችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዩኒፎርማችሁን ሳታወልቁ የመጣችሁ ልጆች፣ ከደብረ ሲና የጣርማበርን ዳገት ወጥታችሁ የደረሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ንባብ ጥቅም ተናገሪ» ነበር ያሉኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና ስለሱ ለእናንተ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለዚያች ወረቀት ልናገር ነው።

የቷን እንደምል ገብቷችኋል። ከደብተር ሉክ ተቆርጣ ከቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ የምትቀመጠዋን። መጽሐፍ የመለሰ ሰው ሦስት አራት መስመር ይጽፍባታል፣ የሚቀጥለው ሰው አንብቧት ወይ ይወስዳል ወይ ይተዋል። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራዋ። አንዷ ላይ «እስከ ገጽ 40 ታገሱት፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይወስዳችኋል» የሚል ነበረ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ «እናቴ ማንበብ አትችልም። ማታ ማታ አነበብኩላት። ልጅቷን ሲድሯት እናቴ ‹ተይ ዝጊው› አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ቡና እያፈላች ‹ከዚያስ?› አለች።» ይህን ያነበበ ሰው መጽሐፉን ሳይወስድ እንዴት ይወጣል?

የጋሼን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛው ጋሼ፣ ያው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ልብ ወለድ ነበረን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳው ሰው የለም፣ አቧራ ጠግቧል። ጋሼ ወሰዱት። በሳምንቱ መለሱና ቆመው እንዲህ ጻፉ፦ «ጸሐፊው መንዝን አያውቀውም። በጥቅምት ገብስ አዘርቷል። እኛ በጥቅምት የቆመውን እህል ውርጭ እንዳይመታብን እንለምናለን እንጂ አንዘራም። ሌላው ጥሩ ነው።» ወሬው ተሰማ። «እስቲ ይህን ገብስ ልየው» እያለ ስንቱ መጣ መሰላችሁ! አንዱ «እውነትም አዘርቷል» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ «ስለ ገብሱ አላውቅም፣ ሚስትየዋ ግን እናቴን ትመስላለች» አለች። ከዚያ አንድ የቆሎ ተማሪ፣ ዛሬ ዲያቆን ሆኗል፣ ከሁሉም ሥር በቀይ እስክሪብቶ ጻፈ፦ «አንድም፣ ገበሬው የዘራው ልጁን ከቀበረ በኋላ ነው። ወቅት የጠፋበት ሰው ነው። ገጽ 112ን ይመልከቱ።»

ጋሼ መጽሐፉን እንደገና ወሰዱት። ሦስት ቀን አቆዩት። ሲመልሱ ምንም አልተናገሩኝም፣ ወረቀቷን አውጥተው ጽፈው ወጡ። «አየሁት። ልጁ ልክ ነው። እኔም ወንድሜ የሞተ ዓመት እንዲሁ ሆኜ ነበር።»

ይችን ወረቀት በቃሌ የያዝኳት ደጋግሜ ስላነበብኳት ነው። የመጽሐፍ አስተያየት ማለት ለኔ ይኼ ነው። ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አምና እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና አንድ ኃላፊ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ወረቀቶቹ እንዲነሱ አዘዘ። ፊደል የገደፈ ይነሳ፣ ጸሐፊ የሚተች ይነሳ፣ የእጅ ጽሑፉ ያላማረ ይነሳ። በቦታቸው በኮምፒውተር የተጻፈ፣ በየመጽሐፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ገባ፦ «እጅግ ግሩምና አስተማሪ መጽሐፍ ነው።» ማንን አስተማረ? ምን አስተማረ? ያልተነበበ መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ እኮ! ለእናቷ ያነበበችው ልጅ «ያላት»ን «ያለት» ብላ ስለጻፈች ቃሏ ተነቅሎ ይጣል? እንግዳ እንዳያይብን የምናፍርበት ነገር ካለ ወንበሮቻችን ተሰብረዋል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እሱን ይጠግኑልን! የአንባቢን አፍ መዝጋት ግን ቤት ማጽዳት አይደለም።

«መጽሐፍ ያቆሽሻል» ያላችሁም አላችሁ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ገልጣችሁ እዩ። ባዶው ቅጠልና ኅዳጉ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ማን ለቤተ ክርስቲያን እንደሰጠው፣ ሌላም ሌላም ተጽፎበታል፤ ብዕሩን የሞከረበትም አለ። ጉባኤ ቤት ደግሞ መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ከተናገሩ በኋላ «አንድም» ይላሉ፣ ሌላውን ያመጣሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሰርዘውም፣ አጠገቡ ይቀመጣል። ያ ተማሪ ለጋሼ የመለሰው በዚህ ልማድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው። ምን መጽሐፍ እንዳለን እሳቸው ቆጥረው አሳዩን። አንብበን ምን እንዳገኘንበት መናገሩ የኛ ፋንታ ነው።

ሰዓት እንዳልወስድ ቀሪውን ቶሎ ልበል። መጨረሻውን አትጻፉ፣ የሚቀጥለውን ሰው አትንፈጉት። ያልጨረሳችሁትንም የት ገጽ ላይ እንደተዋችሁት ጻፉ። ልጆች በሥዕል ቢያስቀምጡትም እንቀበላለን። የተዋሳችሁትንም በጊዜው መልሱ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ከፋሲካ ወዲህ አልታየም።

የተነቀሉትን ወረቀቶች ከደረጃው ሥር በካርቶን ተጥለው አገኘኋቸው። አይጥ የነካቸው አሉ። አብዛኞቹን ወደየመጽሐፋቸው መልሻለሁ፣ ከእንግዲህ የሚነቅላቸው ሰው መጀመሪያ እኔን ያነጋግር። የጋሼ ወረቀት ግን ካርቶኑ ውስጥ የለችም። ሁለት ጊዜ ፈለግኋት።

ጋሼ፣ መጽሐፉን ይዤው መጥቻለሁ፣ ይኸውላችሁ። አዲስ ሉክም ቆርጬ አስገብቻለሁ። ዲያቆኑም ከኋላ ቆሟል፣ አየሁት፣ ቀይ እስክሪብቶ ከሌለው እዚህ አለ። ሻዩ እስኪቀዳ ሁለታችሁም ወደ ጠረጴዛው ብቅ በሉና እንደገና ጻፉልን።