የሚሰድበኝን ሰው ወደ ቤቱ ሳደርስ

የተከበራችሁ የቤተ እስራኤል ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ በማታው ትምህርት አብራችሁኝ የከረማችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ከአይሁድ ፋሲካ ማግሥት እስከ ሻቩዖት፣ እስከ ሳምንታት በዓል፣ ለሰባት ሳምንት በየማታው የምንቆጥረውን የቀን ቆጠራ፣ ዖሜርን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትናንት ማታ 43ኛውን ቀን ቆጥረናል፤ የዛሬው ቁጥር ግን ከቡራኬው በፊት ከአፌ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅሁ ነው። የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት የሆነው የቃባላ ሊቃውንት ሰባቱን ሳምንታት ለሰባቱ የታችኞቹ ሰፊሮት፣ ማለትም የፈጣሪ ሥራ ለሚገለጥባቸው ጠባያት አከፋፍለው፣ በየሳምንቱ ውስጥ ደግሞ እነዚያኑ ሰባቱን መልሰው ለየቀኑ አድለዋል። በዚህ ስሌት የዛሬው ማታ ድርሻ «ገቡራ» ነው፤ ኃይል፣ ፍርድ፣ ራስን መግታት። ቀኑን የመረጠው ኮሚቴው ነው፤ ስለ ንዴቴ ልናገር እንደምመጣ ግን አልነገርኋቸውም ነበር።

ወደ ትምህርቱ ያስገባኝ የዕውቀት ጥማት አይደለም። አባቴ ካረፉ በኋላ ለ11 ወራት ቃዲሽ፣ የሐዘንተኛን ጸሎት፣ ለማለት ምኩራብ ስመላለስ፣ ከማታው ጸሎት በኋላ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ተሰብስበው የሚያነቡ ሰዎች አየሁና አንድ ቀን አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ለእናቴ ቃባላ መማር ጀመርሁ ብላቸው፣ ቡናውን እየቀዱ «ክታብ ልትጽፍ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም፤ በቃባላ ስም ቀይ ክር እየቆረጠ የሚሸጠውን ሁሉ ላየ ሰው ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቃሉ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ተቀበለ» ከምንለው ግስ ጋር ሥሩ አንድ ሲሆን፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ የሚገኝ ትምህርት ማለት ነው።

እኔ የጠበቅሁት ምሥጢር ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስፔን የታወቀውንና በአራማይክ የተጻፈውን የቃባላን ዋና መጽሐፍ፣ ዞሃርን፣ ወዲያው የምንገልጥ መስሎኝ ነበር። መምህራችን ግን እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ ኪስ የሚገባ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በገሊላ ባለችው በጽፋት ከተማ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1570 ያረፉት ረቢ ሞሼ ኮርዶቬሮ የጻፉት «ቶሜር ዴቮራ»፣ የዲቦራ ዘንባባ። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳትጨርስ ሌላ እንዳትጠይቀኝ» አሉኝ። ምዕራፉ ነቢዩ ሚክያስ «እንደ አንተ ያለ አምላክ ማን ነው?» ካለው ቃል ተነሥቶ 13 የምሕረት ጠባያትን ይዘረዝራል፤ ሰው ፈጣሪውን መምሰል ያለበት በሥራው ነው ይላል።

በመጀመሪያው ጠባይ ላይ ብቻ ስድስት ሳምንት ቆየን። ሐሳቡ ይህ ነው። ሰው ሲበድል እጁን የሚያነሣበት ኃይል ራሱ ከፈጣሪ የሚፈስለት ነው። ፈጣሪ በዚያች ቅጽበት ኃይሉን ቢነሣው፣ የኢዮርብዓም እጅ በመሠዊያው አጠገብ እንደ ደረቀች የእኛም እጅ በደረቀች ነበር። እሱ ግን በሰጠው ኃይል ሲበድሉት እያየ መስጠቱን አያቋርጥም። ኮርዶቬሮም ስለዚህ ነገር፣ ስድብን የሚታገሥ ንጉሥ ነው ይላሉ።

እንደምታውቁት እኔ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አንድ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ አራት ደቂቃ ዘግይቼ ፌርማታ ስደርስ አንድ ሰው ገባና መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ስለ ቆዳዬ፣ በመጨረሻም ስለ መጣሁበት አገር ይናገረኝ ጀመር። ቀድሞ ቢሆን ዳር ይዤ በሩን ከፍቼ «ውረድ» ባልሁት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ጣቴ የበሩ ቁልፍ ላይ ነበር። በመስተዋቱ ሳየው ጫማው በስብሷል፣ ፌስታሉ በአንድ ጎኑ ተቀዶ ሽንኩርቱ ሊወድቅ ደርሷል፣ አፉ ግን አላረፈም። ያን ጊዜ ምዕራፉ ትዝ አለኝ፤ ይህ ሰው እየሰደበኝ ነው፣ እየሰደበኝም ሳለ ወደ ቤቱ የማደርሰው እኔው ነኝ። ጣቴን አነሣሁ። ሰባት ፌርማታ አብረን ሄድን። ወረደ፤ አላመሰገነኝም።

ስድብን መዋጥ ጽድቅ ነው እያልሁ እንዳይመስላችሁ። በቆዳችን ምክንያት ስንበደል መናገርም መክሰስም ይገባል፤ እኔም በማግሥቱ ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ። የተለወጠው ነገር ሌላ ነው። ታናሿ ልጄ የውጭውን በር አዘጋጌን ሰምታ ውሎዬ እንዴት እንደ ነበረ ታውቅና ከክፍሏ አትወጣም ነበር። ያን ማታ ግን ወጥታ ሳመችኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ደብቄ አላልፈውም፣ በጥናት ጓደኛዬ ላይ በአንዲት የአራማይክ ቃል ትርጉም ምክንያት ጮኽሁበት፤ እሱም መጽሐፉን ከድኖ «ስድስት ሳምንት የተማርነው ለአውቶቡስ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት «አሪ» ወደሚባሉት ወደ ረቢ ይጽሐቅ ሉሪያ ትምህርት ተሻገርን። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1570 ከግብፅ ወደ ጽፋት መጥተው በ1572 በ38 ዓመታቸው አረፉ፤ በእጃቸው የጻፉት እጅግ ጥቂት ነው፤ ትምህርታቸውን አብዛኛውን ያቆየልን ደቀ መዝሙራቸው ሐዪም ቪታል ነው። እንደሚተረከው፣ ቪታል ትምህርቱ አልያዝለት ሲል መምህሩ በጥብርያዶስ ባሕር ላይ በጀልባ አውጥተው ከሙሴ እኅት ከሚርያም ምንጭ ውኃ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ መያዝ ጀመረ። ይህን ታሪክ የምወደው ያ ታላቅ ደቀ መዝሙር እንኳ ይረሳ ስለ ነበር ነው። አሪ ከጠዋት ጸሎት በፊት ሰው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ትእዛዝ በራሱ ላይ እንዲቀበል አስተምረዋል። እኔም መሪውን ከመጨበጤ በፊት እለዋለሁ፤ የማልፈልገው ቀን ላይ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አንድ እንግዳ ወደ ክፍላችን መጥቶ «እናንተ እኮ ዞሃር አልነበራችሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረንም። ነገር ግን ቄሶቻችን በግዕዝ ያነቡት የነበረው «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው መጽሐፋችን፣ ሰንበትን በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ነፍሳት እንደምትማልድ ሴት አድርጎ ይናገራል። የጽፋት ሰዎችም በ16ኛው መቶ ዘመን ዓርብ ማታ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ሊቀበሏት ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር፤ ዛሬ በየምኩራቡ የሚዜመውን የሰንበት መቀበያ መዝሙር «ለኻ ዶዲ»ን የደረሱት የዚያው ከተማ ረቢ ሽሎሞ አልካቤጽ ናቸው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ አልልም፤ ለዚህ ማስረጃ የለኝም። ይህን ለእናቴ ስነግራቸው ግን ዓርብ ከሰዓት ነበርና ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። «ሜዳ ድረስ ብቻ ነው የወጡት?» አሉኝ። «እኛ ወንዝ ወርደን፣ በዚያ ብርድ ታጥበን ነበር የምንቀበላት።»

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ውጭ ከዋክብቱ ወጥተዋልና፣ ቡራኬውን ብለን ቁጥሩን እንድንጠራ እባካችሁ እንቁም።