መሣሪያው በሽተኛውን አይምረጥ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ነርሶች፣ የቀዶ ሕክምናና የውስጥ ደዌ ሠልጣኞች፤

የጨጓራው መውጫ የተዘጋበት ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ጥቂት ቀምሶ ይጠግባል፤ ትናንት የበላው ዛሬ ሳይፈጭ ይወጣል፤ በትውከቱ ውስጥ ሐሞት አይታይም። ከስቷል፤ ሆዱን ሲወዘውዙት ውስጡ ይንቦጫረቃል። እኛም ቶሎ ልንከፍትለት እንቸኩላለን፤ አንዱ ቢላውን፣ ሌላው በአፍ የሚገባውን ባለካሜራ ቱቦ፣ ኢንዶስኮፑን፣ ያነሣል። ዛሬ የቆምኩት ይህን ችኮላ ልቃወም ነው።

ሰውየው አሲድ ሲያስመልስ የከረመ ነው። ከአሲዱ ጋር ክሎራይድ ሄዷል፤ ፖታሲየምም ተሟጥጧል፤ ደሙ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኗል። ኩላሊት ውኃና ሶዲየም ለማትረፍ ሲል ፖታሲየምና ሃይድሮጅን በሽንት ይጥላል፤ ስለዚህ ደሙ አልካላይን ሆኖ ሳለ ሽንቱ አሲዳማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ስታዩ ላቦራቶሪው ተሳሳተ አትበሉ፤ ጉዳቱ ጠልቋል ማለት ነው። ጨጓራውን በአፍንጫ ቱቦ አራግፉ፤ በደም ሥር የጨው ውኃ ስጡ፤ ሽንት መውረዱን ስታረጋግጡ ፖታሲየም ጨምሩ።

በጨቅላዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። በተወለደ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ገደማ የመውጫው ጡንቻ የወፈረበት ሕፃን ወተቱን አስፈንጥሮ ያስመልሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይርበዋል። ኮንራድ ራምሽቴት እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመው ዘዴ ጡንቻውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን ሳይነኩ መተው ነው። ዛሬ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ፣ ቢሠራም መሠረቱ ያው ነው። ሥራው አጭር ነው፤ የሌሊት ጥድፊያ ግን አያስፈልገውም። ደሙ ሳይስተካከል ሰመመን የተሰጠው ሕፃን በኋላ ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላል፤ አልካላይን ደም የመተንፈስን ግፊት ያዳክማልና። መጠበቁ ወላጆችን ያስጨንቃል። ቢሆንም ጠብቁ።

ወደ አዋቂዎቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1881 መጀመሪያ ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ውስጥ በካንሰር የተያዘውን የጨጓራ ጫፍ ቆርጦ አወጣ። በዚያው ዓመት ረዳቱ አንቶን ቮልፍለር ዕጢው የማይነሣ ሆኖ ሲያገኘው ጨጓራውን ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኝቶ መንገዱን አዞረው። ማውጣትና ማዞር ማለት ነው። እኛ የጨመርነው ከውስጥ መክፈትን ነው።

መዝጊያው የቁስለት ጠባሳ ከሆነ በኢንዶስኮፒ የሚገባ ፊኛ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ በየደረጃው እስከ 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በአንዴ ብዙ ለማስፋት መስገብገብ ደግሞ ጨጓራ ይቀድዳል። ቁስለት አምጪው ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ሳይጠፋ፣ ቁስለት የሚያመጡ የሕመም ማስታገሻዎች ሳይቆሙ መንፋት ግን ትርፉ ድካም ነው። ናሙና ሳይወሰድም አይነፋም፤ የመጀመሪያው ናሙና ካንሰር አላሳየም ብላችሁም አትዘናጉ። ተደጋግሞ የሚጠብ መውጫ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሂድ።

ሊወጣ በማይችል ካንሰር ላይ ግን ክርክሩ ይሞቃል። የብረት ስቴንት፣ ማለትም መንገዱን ከፍቶ የሚይዝ የመረብ ቱቦ፣ የገባለት ሰው ቶሎ መብላት ይጀምራል፤ ዕጢው በመረቡ ውስጥ አድጎ ሲዘጋው ግን ተመልሶ ይመጣል። ጨጓራና አንጀትን በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ጅምሩ ይዘገያል፤ ውጤቱ ግን ረጅም ጊዜ ይዘልቃል። በሆላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አነስተኛ ጥናት ከ2 ወር በላይ ይኖራል ተብሎ ለሚገመት ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውን መርጧል። ይህን ግምት በትክክል የሚገምት ሐኪም እምብዛም አላየሁም፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። አሁን በአልትራሳውንድ ኢንዶስኮፒ መሪነት ሆድ ሳይከፈት ጨጓራን ከአንጀት የሚያገናኝ ስቴንት አለ፤ የቮልፍለር ሐሳብ ነው በሌላ መንገድ። ተስፋዬ ትልቅ ነው። ነገር ግን ስቴንቱ ቦታውን ከሳተ የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የሠለጠነ እጅ በሌለበት አይሞከር።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆሽት ካንሰር ባለበት ሰው ዱዮዴነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ውስጥ ስቴንት ከማስገባታችሁ በፊት የሐሞት ቱቦውን ፈትሹ። የብረት መረቡ የቱቦውን አፍ ከሸፈነ በኋላ ቢጫነት ቢመጣ በዚያ በኩል መግባት እጅግ ያስቸግራል፤ ሕመምተኛውም ቀድሞ ሊወገድለት በሚችል መከራ ውስጥ ያልፋል። ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።