እየሰመጠ የሄደው ፔዳል

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራችሁ አስቤ ነበር፤ ቀኝ እግሬ ግን ያንን ቀን አልረሳ ብሎኛል።

ቀይ መብራት ላይ ቆሜያለሁ። ፍሬኑን የረገጥኩት እንደ ወትሮው ነው፤ ፔዳሉም መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ያዘ። ከዚያ እግሬን ሳላነቃንቅ፣ ምንም ኃይል ሳልጨምር፣ ፔዳሉ በዝግታ ወደ ታች መስመጥ ጀመረ፤ መኪናዋም ጃንጥላ ይዛ ወደምታቋርጥ ሴት አንድ ክንድ ያህል ተንፏቀቀች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ሴትየዋ ቀና ብላ ያየችኝ ቸኩሎ እንደሚገፋ ሹፌር ነው፤ እንዲያ እንዳልሆነ የማስረዳበት ጊዜ አልነበረም።

መካኒኩ ሲፈታው የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒዎች ተበልተዋል፤ ዘይቱ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ ሳይፈስ ግፊቱ በውስጥ ያመልጥ ነበር። ይህንንስ ማን ያውቃል ብዬ ልጽናና እችል ነበር፤ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ባይኖር ኖሮ።

ሸራው ለሳምንታት ሲያፏጭ ሰንብቷል። እኔም እናንተ «የሬዲዮ ጥገና» እያላችሁ የምትስቁብኝን ዘዴ ተጠቅሜ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። ለካስ በብዙ ሸራዎች ላይ የምትገኝ ትንሽ ብረት አለች፤ ሸራው ሳስቶ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ታስባ የተሠራች ናት። ቀጥሎ ቀዩ የፍሬን መብራት በራ፤ የፍሬን ዘይት ጨመርኩ፤ መብራቱ ጠፋ፤ እኔም ኮራሁ። ሸራው ባለቀ ቁጥር እሱን የሚገፉት ፒስተኖች ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ ዘይቱ ከኋላቸው ያለውን ቦታ ሊሞላ ከጋኑ እንደሚወርድ አላወቅሁም ነበር፤ ያጠፋሁት መብራቱን እንጂ ችግሩን አልነበረም።

ዘይቱም ቢሆን ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ከፈላ ደግሞ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቁልቁለት ሳይ ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ ይነፉብኛል።

አሁን ሁሉም ነገር ይሰማኛል። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ከፊት ጎማ በኩል የሚፋቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ሦስት አራት ጊዜ ስረግጥ ጠፋ። ማታ ዘንቦ ስለነበር ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ይሆናል፤ ይህ የተለመደ ነው። መቼም ሬዲዮው ዝግ ነበር... ወይስ ድምፁ ከኋላ ጎማ ነበር?