በድሬዳዋ ቆላ እንስሳን በድምፅ መጥራት፦ ነፋስ፣ ፊሽካና ድምፅ ማጉያ

[ምስል፦ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የግራር ሜዳ፣ ጎህ ሲቀድ። ከሩቅ ቆቅ ይጮኻል።]

ብዙ ሰው መጥሪያ ፊሽካ ይዞ ወይም ስልኩ ላይ ድምፅ ጭኖ ቆላ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ ይነፋል፣ ምንም አይመጣም፣ «እዚህ አገር እንስሳ አልቋል» ብሎ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ግን እንስሳው መጥቶ ነበር። በጀርባ በኩል ዞሮ፣ ሽታውን ወስዶ፣ ሳይታይ ሄዷል።

የምንናገረው ካሜራና መነጽር ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው። ማደን ለሚፈልግ በሕግ ፈቃድ የግድ ነው፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ዘዴው ግን ለሁለቱም ያው ነው፤ የሚጀምረውም ከነፋስ ነው።

[ምስል፦ የድሬዳዋ ተራራ ሰንሰለት በጎን ሲታይ፣ የነፋስ አቅጣጫ በቀስት።]

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተደቡብ ተራራው ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ናችሁ። ሌሊት ተራራው ላይ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና በየሸለቆው ወደ ቆላው ይፈስሳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሌላ ጠንካራ ነፋስ ከሌለ አየሩ ከተራራው ወደ ሜዳው ይወርዳል። ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀች በኋላ ይገለበጥና ሽቅብ ይወጣል። በመካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አየሩ መያዣ መጨበጫ የለውም፤ አንዴ ፊታችሁን፣ አንዴ ማጅራታችሁን ይነካል። ያኔ መጥራት ቦታውን ማበላሸት ነው። አቁማችሁ ሻያችሁን ጠጡ።

አቅጣጫውን በግምት አትያዙት። የምድጃ አመድ አጥልላችሁ በስስ ሻሽ ቋጥሩ፣ በጣት መታ መታ አድርጉት።

[ምስል፦ ከቅርብ፣ ጣት ቋጠሮውን ሲመታ። አመዱ እንደ ጭስ ወጥቶ ወደ ቀኝ ይሳባል፣ ከሁለት ሜትር በኋላ ተጠማዞ ወደ ኋላ ይመለሳል።]

ያችን መጠምዘዝ አያችኋት? እርጥብ ጣት አያሳያትም። ከኋላችሁ ያለው ቋጥኝ ወይም ቁጥቋጦ አየሩን እያዞረው ነው፤ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ በሉና እንደገና ሞክሩ።

አሁን አቀማመጥ። ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ ጉንጫችሁን አቋርጦ ይለፍ። ድምፅ ማጉያውን 25 ሜትር ያህል ወደ ፊት፣ ትንሽ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን አድርጋችሁ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጡት። ለጥሪ የሚመጣ ቀበሮ በቀጥታ አይሮጥም፤ ድምፁን የሚያሰማውን ነገር ሽታ ለመውሰድ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ይዞራል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ገላጣ መሬት ይኑራችሁ። የእናንተን ሽታ ከማግኘቱ በፊት ያንን ገላጣ ማቋረጥ አለበት፤ ፎቶውም እዚያ ነው። ድምፁ ከእናንተ የራቀበት ሌላው ምክንያት ዓይን ነው፤ የመጣው እንስሳ የሚያፈጠው ድምፁ ወዳለበት ነው፣ የእጃችሁን እንቅስቃሴ ልብ አይልም።

ከጀርባችሁ ከትከሻችሁ የሚሰፋ ግንድ ወይም ቋጥኝ ይሁን። ይህ ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ የሲቃ ድምፅ፣ ማለትም የተያዘ እንስሳ ጩኸት፣ ጅብንም ነብርንም ሊጠራ ይችላል፣ ከኋላ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ደስ አይልም። ብቻችሁን አትውጡ።

[ምስል፦ ባለ ምላስ ፊሽካ ተፈትቶ፤ አካሉና ቀጭን የፕላስቲክ ምላሱ።]

የእጅ ፊሽካ ከኤሌክትሮኒክሱ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ድምፁ በየጊዜው ይለያያል፣ ባትሪም አይፈልግም። ችግሩ አነፋፉ ላይ ነው። ጉንጭ ነፍቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚነፋ ሰው የሚያወጣው የፊሽካ ድምፅ ብቻ ነው። አየሩ ከሆድ ይምጣ፤ መስተዋት ላይ እንፋሎት ለማሳረፍ «ሃ» እንደሚባለው። የፊሽካውን ምላስ በከንፈር ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ከንፈር ወደ ምላሱ ጫፍ ሲጠጋ የሚርገበገበው ክፍል ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ፊሽካውን ወደ አፍ ጠለቅ ስታደርጉት ይወፍራል። የተያዘች ጥንቸል ድምፅ ቀጭን ሆኖ ይጀምርና እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ከጫፍ ወደ ውስጥ ተንሸራተቱ። መዳፋችሁን በፊሽካው አፍ ላይ ከፈት ዘጋ ማድረጉ ድምፁን ሕይወት ያለው ያስመስለዋል።

ድምፁ በድንገት ከታፈነ ምራቅ ወይም አቧራ ምላሱ ሥር ገብቷል። በጥፍር አትጎርጉሩት፤ ምላሱ አንዴ ከተጫረ ድምፁ አይመለስም። አራግፉት፣ ከሌላኛው ጫፍ ንፉት፣ ካልሆነ ስስ ወረቀት ከሥሩ ሳቡ።

[ምስል፦ ስልክና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጎን ለጎን።]

የስልክ ድምፅ ማጉያ ለቆቅ ይበቃ ይሆናል፤ ለጅብ አይሆንም። የጅብ ጩኸት ከወፍራም ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፣ ስልክ ደግሞ ወፍራሙን ክፍል ይበላዋል። የቀረው ለጅብ ምንም አይነግረውም። ብሉቱዝ ማጉያም ከ10 ሜትር ካለፈ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል፤ 25 ሜትር ገመድ ወይም የራሱ ሪሞት ያለው መጥሪያ ይሻላል። ስልኩን ደግሞ ከኔትወርክ አውጡት፤ ነብር እየመጣ ሳለ የማጉያው ድምፅ የጥሪ ዘፈን ቢሆን ሳቁም ንዴቱም አይወጣላችሁም።

ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ቀበሮው 50 ሜትር ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ በድንገት ከጮኻችሁበት የሚሸሸው እርሱ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ዙር በኋላ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ መሰንጠቅ ከጀመረ ግን መልሱት። ሠላሳ አርባ ሰከንድ አሰሙ፣ ሦስት ደቂቃ ዝም በሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ዝምታው ላይ ነው፦ «አይሰማም» ብሎ ይቀጥላል። እንስሳው ግን የሚንቀሳቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስትሉ ነው፤ እናንተም የደረቅ ቅጠል ኮሽታ የምትሰሙት ያኔ ነው። ለቀበሮ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ካቆማችሁ በኋላ አምስት ደቂቃ ሳትነሡ ቆዩ። ያንን ቦታ ደግሞ ለሳምንታት ተዉት፤ በባዶ የተጠራ ቀበሮ ሁለተኛ አይታለልም።

ለቆቅ ነገሩ ሌላ ነው። አንገቱ ቢጫ የሆነው የቆላ ቆቅ ማለዳ ኩይሳ ወይም ግንድ ላይ ወጥቶ የሚጮኸው ግዛቱን ለማስከበር ነው። የሌላ ወንድ ድምፅ ሲሰማ ለጠብ ይመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካሰማችሁት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መብላት ትቶ ጠላት ሲፈልግ ይውላል። ዝናብ ዘንቦ ጫጩት ባለበት ወቅት ደግሞ ባትነኩት ይመረጣል። ድክድክ የምትባለዋ ትንሽ እንስሳም ከባልዋ ጋር በአንድ ቦታ ተወስና የምትኖር ናት፤ በአፍንጫዋ የምታወጣው ፉጨት የአደጋ ምልክት ስለሆነ እርሱን አትቅዱ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከማንኛውም ፊሽካ ይሻላል።

[ምስል፦ ሐረር፣ ማታ፣ ከግንቡ ውጭ። ጅቦች በእጅ ባትሪ ብርሃን።]

ጅብን በተቀዳ ድምፅ መጥራት በአፍሪካ ተመራማሪዎች ለቆጠራ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ የጅብ ጩኸት ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ሐረር ላይ ግን አትሞክሩት። የሐረር ጅብ አብሊዎች በስም የሚጠሩት በራሳቸው ድምፅ ነው፤ ጥሪው የሚሠራውም ከኋላው ሥጋ ስላለ ነው። ሰው የለመደን ጅብ ሰፈር ውስጥ በባዶ ድምፅ መጥራት ለነዋሪውም ለጅቡም ጣጣ ነው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያም እንዲሁ የድምፅ መሞከሪያ አይደለም።

[ምስል፦ ዕቃዎች ሸራ ላይ ተዘርግተው።]

መነጽር ላይ 8 በ42 የተጻፈበት ይበቃል፤ 42ን ለ8 ስታካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጎህ ጥሩ ነው። ማጉላቱ ከዚያ ቢበልጥ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። ቀኝ መስተዋቱን ሸፍናችሁ የግራውን በመካከለኛው መዘውር አጥሩ፣ ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ የቀኙን ቀለበት አስተካክሉ። ይህን ያላደረገ ሰው ራሱን ሲያመው መነጽሩን ይወቅሳል።

ልብስ፦ ካኪ ወይም ቡኒ፣ ጥጥ። ናይሎን እሾህ ሲነካው ይጮኻል። ሰማያዊ ተዉ፣ ባለሸሆናዎች ሰማያዊን ከእኛ ይልቅ ይለዩታል። የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ደግሞ ኬላ ላይ ያስቆማችኋል። ጫማው ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ የግራር እሾህ ቀጭን ሶል ይበሳል።

ከሰዓት በኋላ ድሬ ለበርጫ ነው፣ ለጥሪም አይሆንም። ለዕቃውም አይሆንም፦ አፍ ውስጥ የሚያዘው የላቴክስ መጥሪያ መኪና ውስጥ ተዘግቶበት ከዋለ ይጨማደዳል፣ ባትሪም ያብጣል። ፊሽካውን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከቱት፣ ከመኪናው ይዛችሁት ውረዱ።