ከአንድ ትሪ እየበሉ ካሎሪ መቁጠር

ሐና፦ እንደምን አደራችሁ! ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነን። ዛሬ ስለ ክብደት ነው የምናወራው። ጋሽ ደምሴ፣ ስልክዎ ላይ የጫኑት የካሎሪ መቁጠሪያ እንዴት ሆነ?

ጋሽ ደምሴ፦ አጠፋሁት፣ ሐናዬ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። በበላሁ ቁጥር ስንት እንጀራ እንደበላሁ ይጠይቀኛል። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የምበላው። አንዱ ከፊቴ ይቆርሳል፣ አንዷ ታጎርሰኛለች። የእኔ ድርሻ የቱ ጋ እንዳበቃ በምን አውቃለሁ? በአራተኛው ቀን ልጄ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ «ቆይ፣ ልመዝግበው» አልኳት። እጇን ሰበሰበች። በዚያው ተውኩት።

ሐና፦ ደግ አደረጉ። የእኛ ማዕድ ለቁጥር አይመችም። እኔ በነርስነት ሥራዬ ሰው ሳማክር «ምን ያህል ትበላለህ?» ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ወጡ ውስጥ ዘይት እንዴት እንደሚገባ ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ ከጀሪካኑ ነዋ!

ሐና፦ እሱን ነው የምለው። ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ይነሳል፣ ድስቱ ላይ ይዘነበላል፣ ዓይን «በቃ» እስኪል ይወርዳል። እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጥር ልጥራ፣ ከዚያ አልመለስበትም። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ይሰጣል፤ ከእጥፍ በላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ሆድ ውስጥ ደግሞ ቦታ አይዝም። ያው እንጀራ፣ ያው ሽሮ፣ ግን ሳናውቀው ብዙ በልተን እንነሳለን።

ጋሽ ደምሴ፦ እና ምን ይደረግ?

ሐና፦ እኔ ዘይቱን በቀጥታ ድስት ላይ አልገለብጥም። መጀመሪያ በቡና ሲኒ እቀዳለሁ። ለአራት ሰው ሽሮ ግማሽ ሲኒ ይበቃል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የማቁላላው። እሳቱን እቀንሳለሁ፣ ድስቱን እከድናለሁ፣ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። ቀላ ሲል በርበሬውና ዘይቱ ይገባል። አዲስ ነገር አይደለም፣ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው።

ጋሽ ደምሴ፦ ባለቤቴ «ዘይት ያነሰው ሽሮ ፊቱ አያምርም» ትላለች።

ሐና፦ እውነታቸውን ነው፣ ከተቻኮሉ አያምርም። በቀስታ እሳት ሲንተከተክ ይቆይና ያችው ግማሽ ሲኒ ዘይት ራሷ ወደ ላይ ትወጣለች። እስኪ ይሞክሩትና ይንገሩኝ።

ጋሽ ደምሴ፦ አንድ ግን ያልገባኝ አለ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። እንዴት ሆዴ አይቀንስም?

ሐና፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈቱ እንዴት ነው የሚበሉት?

ጋሽ ደምሴ፦ ርቦኝ ነዋ። ቶሎ ቶሎ።

ሐና፦ እዚያ ጋ ነው ነገሩ። ጥጋብ ወዲያው አይሰማም። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሳው «በቃኝ» አንጎል ጋ ደርሶ እስኪሰማን 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአሥር ደቂቃ የጨረሰ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ነው ሁለተኛ እንጀራ የሚያስጨምረው። ስለዚህ ከጎመኑና ከምስሩ ይጀምሩ። ጭማሪው እንጀራም ተጠቅልሎ አጠገብዎ አይቀመጥ፣ ማጀት ይቆይ። ተነስቶ ማምጣት ሲኖር ሰው ቆም ብሎ ሆዱን ይጠይቃል።

ጋሽ ደምሴ፦ ሰው ቤትስ? «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲሉኝ?

ሐና፦ ጉርሻማ ፍቅር ነው፣ ይጉረሱ። ግን ቀድመው እጅዎን አይሰብስቡ። «ብላ እንጂ» የሚባለው መጀመሪያ ያቆመው ሰው ነው። ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ፣ እየተጫወቱ እስከ መጨረሻው ትሪው ላይ ይቆዩ። ማንም ልብ አይልም።

ጋሽ ደምሴ፦ ከሰዓት በኋላ ሲርበኝ ደግሞ በሻይ ብስኩት እበላለሁ።

ሐና፦ ጎጃም ተቀምጠው? ግብጦ እያለ! መራራነቱ እስኪወጣ ለቀናት ውኃ እየተቀየረለት የተዘፈዘፈ ግብጦ ፕሮቲኑም አሰሩም ብዙ ነው። አንድ እፍኝ እስከ እራት ያቆያል። ሻይዎ ላይ ስንት ስኳር ነው?

ጋሽ ደምሴ፦ ሦስት። በቀን ሦስት ጊዜ።

ሐና፦ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ወደ 36 ግራም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል።

ጋሽ ደምሴ፦ እንቅስቃሴስ? ድሮ ባሕር ዳር ሁሉም በብስክሌት ነበር፣ እኔም ትምህርት ቤት የምመላለሰው በእሷ ነበር። አሁን ለአንድ ፌርማታም ባጃጅ ነው የምይዘው።

ሐና፦ ብስክሌቷን ያውጧት። ከተማችን ሜዳ ናት። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ማታ ነፋሱን እየተቀበሉ ሁለቴ ደርሶ መልስ ይሂዱ።

ጋሽ ደምሴ፦ ትንሽ ስቀንስ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ይለኛል። ስወፍር ነው «ተመችቶሃል» የምባለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከረሃቡ ይልቅ እሱ ነው የሚከብደኝ።

ሐና፦ ይገባኛል። ሰዉ ክፉ አስቦ አይደለም፣ መክሳት ከችግርና ከበሽታ ጋር የመጣበትን ዘመን ስለሚያስታውስ ነው። ጥያቄውም ከንቱ አይደለም። ምንም ሳይለውጥ የሚከሳ ሰው ጤና ተቋም ሄዶ ይታይ፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ምን እንደቀየሩ ያውቃሉ። «ዘይት ቀንሼ ነው» ይበሏቸው። አሁን ይነሱ፣ ክር ይዣለሁ።

ጋሽ ደምሴ፦ የምን ክር?

ሐና፦ ጫፉን ይርገጡት። እስከ አናትዎ ለካሁት። አሁን ለሁለት አጠፍኩት። ይኸው የቁመትዎ ግማሽ። ወገብዎን መዞር አለበት። ሆድዎን አያስገቡ፣ አየሩን በቀስታ ያውጡ።

ጋሽ ደምሴ፦ አልገናኝ አለ።

ሐና፦ አራት ጣት ይቀረዋል።

ጋሽ ደምሴ፦ ክሩን ይዤው ልሂድ?

ሐና፦ ይያዙት። በወር አንዴ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይለኩ።

ጋሽ ደምሴ፦ ሲኒውስ?

ሐና፦ ሲኒው ቤትዎ አለ።